የሐዋርያው መንገድ የተሣለባት ቅጠል



በቅዳሴ ጊዜ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ፣ ወደ ቆሮንቶስ፣ ወደ ኤፌሶንና ወደ ተሰሎንቄ የላካቸውን መልእክታት ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ግብረ ሐዋርያትም ሲነበብ ጢሮአዳ፣ ሳሞትራቄ፣ ናጱሌ፣ ፊልጵስዩስ እየተባለ የከተሞቹ ስም እንደ መቍጠሪያ ፍሬ አንዱ አንዱን እየተከተለ ያልፋል። ነገር ግን ከእነዚህ ከተሞች አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም በዲቁና ስናገለግል መልእክታቱን በሕዝቡ ፊት ቆመን ብዙ ጊዜ አንብበናል፤ ሆኖም ቆሮንቶስ ከሮሜ በየት በኩል እንደምትገኝ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ንባቡን እንጂ ስፍራውን አላወቅንም። ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የመልክዐ ምድር መምህር ከሆንን በኋላ ነው።

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው የጥንቱን የሮሜ ዓለም የሚያሳዩ አሮጌ ካርታዎችን ስለ መሰብሰብ ነው። ነገሩ በሩቅ ሲያዩት የባለጸጎች መዝናኛ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከጥቅሙም ከጥፋቱም ለእያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚደርስ ትምህርት እንዳለበት ባለፈው ዓመት በራሳችን ላይ ከደረሰው ተረድተናል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከባሕር ማዶ የመጣች ስጦታ

ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርነውና ዛሬ በአውሮፓ በሥራ ላይ ያለ አንድ ተማሪያችን በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል አሽጎ አንዲት ቅጠል ላከልን። በደብዳቤውም፣ በልጅነቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሣልንለትን የሜዲቴራኒያን ባሕር እንዳልረሳ፣ ይህችንም ቅጠል በአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ባያት ጊዜ እኛን እንዳስታወሰችው ጽፎልን ነበር።

ቅጠሏን ባወጣናት ጊዜ ከኢጣልያ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ባሕር፣ ደሴቶቹና የወደብ ከተሞቹ በቀጫጭን መስመር ተሥለው አየን። ከላይ በሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ሥዕሎች አሉ። በአንደኛው ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ሲወድቅ፣ በሁለተኛው ደግሞ መርከቡ በመላጥያ ደሴት አጠገብ ሲሰበር ይታያል። ርእሱ በሮማይስጥ ቋንቋ የቅዱስ ጳውሎስን ጉዞ የሚናገር ሲሆን፣ ሠሪው በአንትወርፕ ከተማ የኖረው አብርሃም ኦርቴልዩስ ነው። ካርታው መጀመሪያ የወጣው በ1579 ነበር።

እውነቱን ለመናገር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ቅጠሏን በመስታወት አስገብተን ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልናት። ጎረቤቱም ዘመዱም እየመጣ አያት፤ እኛም ለመጣው ሁሉ የሐዋርያውን መንገድ በጣታችን እያመለከትን እናስረዳ ነበር።

እነዚህ ካርታዎች ከየት መጡ?

በሮማውያን እጅ የተሠራ ካርታ ለገበያ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከእነርሱ ዘመን የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። በሮሜ ከተማ በቄሣር ሴፕቲምዮስ ሴዌሮስ ዘመን፣ ከ203 እስከ 211 ባሉት ዓመታት፣ የከተማይቱ ንድፍ በ150 ያህል የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ተቀርጾ ነበር። ስፋቱ 18 ሜትር በ13 ሜትር ያህል የነበረው ይህ ንድፍ በኋላ ፈርሶ፣ ድንጋዮቹ ለቤት መሥሪያ ተወስደው፣ ዛሬ የቀረው ስብርባሪ ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ነው። ተለጥፎበት የነበረው ግድግዳ ግን በሮሜ ከቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ እስካሁን ቆሟል። እንደዚሁም በዮርዳኖስ መንግሥት፣ በማዳባ ከተማ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በ6ኛው መቶ ዘመን ከጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋዮች የተሠራ የቅድስት አገር ካርታ አለ። ኢየሩሳሌም ከነዐምደ ሰፊ ጎዳናዋና ከቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጋር በዚያ ትታያለች። እነዚህን ማንም ሊገዛቸው፣ ማንም ሊሰበስባቸው አይችልም።

ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ካርታዎች ሌሎች ናቸው። እነዚህም ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ሊቃውንት የጥንቱን ዓለም ከመጻሕፍት እያጠኑ የሣሏቸውና በማተሚያ ያሳተሟቸው ናቸው። ዋና ዋና ምንጮቻቸውን ሦስት አድርገን ብንከፍል ለማስታወስ ይቀላል።

መጀመሪያው ምንጭ በ2ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሊቁ በጥሊሞስ ነው። እርሱ 8 ሺህ ለሚሆኑ ስፍራዎች ስማቸውንና በምድር ላይ ያሉበትን ቦታ በቍጥር ጽፎ ትቶልናል። የእኛዎቹ አክሱምና አዱሊስም በስም ከተጠቀሱት መካከል ይገኛሉ። መጽሐፉ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከጽርዕ ወደ ሮማይስጥ ተተረጐመ፤ በ1477 በቦሎኛ ከተማ ከነካርታዎቹ ታተመ፤ በ1482 ደግሞ በጀርመን አገር በኡልም ከተማ በእንጨት ቅርጽ ታተመ። ሊቁ በጥሊሞስ ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። የሜዲቴራኒያንን ባሕር ርዝመት 62 ዲግሪ ያህል አድርጎታል፤ እውነተኛው ግን 42 ያህል ነው። ሆኖም ስፍራን በቍጥር የመወሰን ጥበቡ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የአውሮፓን ሊቃውንት አስተምሯል።

ሁለተኛው ምንጭ የፖይቲንገር ሰሌዳ የተባለው የመንገድ ካርታ ነው። ይህ በ1200 ገደማ ከጥንት የሮማውያን ካርታ የተገለበጠ የብራና ጥቅል ሲሆን ርዝመቱ 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ቁመቱ ግን 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስሙን ያገኘው በ1508 ከእጁ ከገባው ከአውግስቡርግ ከተማ ሰው ከኮንራድ ፖይቲንገር ነው። ዛሬ በቪየና በኦስትርያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። አገሮቹ በጥቅሉ ላይ እንዲገቡ ከሰሜንና ከደቡብ ተጨፍልቀዋል፤ መንገዶቹ ግን ከከተማ እስከ ከተማ ያለው ርቀት ተጽፎባቸው ይታያሉ። ሮሜ፣ ቍስጥንጥንያና አንጾኪያ እንደ ነገሥታት በዙፋን ላይ ተቀምጠው ተሥለዋል። በሲና ተራራ አጠገብም እስራኤል ሕግን የተቀበሉበትና 40 ዓመት የተንከራተቱበት ምድረ በዳ መሆኑ ተጽፏል። ጽሕፈቱን የጨመረው እጅ ማንም ቢሆን፣ የቄሣር ወታደሮች የሚሄዱበትን መንገድና እግዚአብሔር ሕዝቡን የመራበትን መንገድ በአንድ ብራና ላይ አገናኝቷቸዋል።

ሦስተኛው ምንጭ የታሪክ ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው፤ ከእነርሱም ቀዳሚው ቀደም ብለን የጠቀስነው ኦርቴልዩስ ነው። በ1527 ተወልዶ በ20 ዓመቱ በቅዱስ ሉቃስ ስም በሚጠራው የሠዓሊዎች ማኅበር ውስጥ ገባ፤ ሥራውም የታተሙ ካርታዎችን በቀለም ማስዋብ ነበር። የጳውሎስን ጉዞ የጻፈልን ወንጌላዊው ሉቃስ ነውና፣ በሉቃስ ማኅበር ቀለም ሲቀባ ያደገው ሰው በኋላ የጳውሎስን ጉዞ መሣሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በ1570 ኦርቴልዩስ 53 የካርታ ቅጠሎች ያሉበትን ታላቅ አትላስ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ካርታ የሠሩለትንና የረዱትን የ87 ሊቃውንት ስም ዘርዝሮ ጻፈ እንጂ የሌላውን ድካም የራሱ አላስመሰለም። ከ1579 ጀምሮም የጥንቱን ዓለም የሚያሳዩ ካርታዎችን በራሱ ጥናት እያዘጋጀ ጨመረበት። የሮሜ መንግሥት ካርታና የቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ ካርታ ከእነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ተነሡ። ከእነርሱ ውስጥ ከ1697 እስከ 1782 የኖረውን ፈረንሳዊውን ዳንቪልን ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ይህ ሰው የሮሜን ዓለም በታላላቅ ቅጠሎች ላይ ሥሏል፤ በሌሎች ካርታዎቹም ላይ ማስረጃ ያላገኘለትን ስፍራ በተራራና በአውሬ ሥዕል አይሞላውም፤ ባዶውን ይተወዋል። ተማሪዎቻችን የማያውቁትን ጥያቄ በፈጠራ ሲሞሉ ይህን ሰው እናስታውሳቸዋለን።

ካርታ ለንባብ ምን ይጨምርለታል?

ቅጠሏ ከመጣች በኋላ ከተማሪዎቻችን ጋር የግብረ ሐዋርያትን መጨረሻ ምዕራፍ አነበብን። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ ሲቃረብ፣ በከተማይቱ ያሉ ወንድሞች ወሬውን ሰምተው እስከ አፍዩስ ፋሩስና እስከ ሦስት ማደሪያ ድረስ ወጥተው እንደ ተቀበሉት እናውቃለን። ይህን ስናነብ ወንድሞች ከከተማው በር ጥቂት ራቅ ብለው የተቀበሉት ይመስለን ነበር።

ነገር ግን ሮማውያን የመንገዳቸውን ርቀት የመዘገቡበት፣ በአንቶኒኑስ ስም የሚጠራ ጽሑፍ አለ። በዚያ መዝገብ ከሮሜ እስከ አሪክያ 16 ምዕራፍ፣ ከዚያ እስከ ሦስት ማደሪያ 17፣ ከዚያም እስከ አፍዩስ ፋሩስ 10 ምዕራፍ ተብሎ ተጽፏል። የሮማውያን ምዕራፍ 1,480 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ተማሪዎቹ ደምረውና አባዝተው ሦስት ማደሪያ 49 ኪሎ ሜትር፣ አፍዩስ ፋሩስ ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮሜ እንደሚርቅ አገኙ።

ያን ጊዜ አንድ ልጅ ተነሥቶ «እንግዲያው ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ካለው መንገድ ግማሽ ያህሉን ሄደው ነው የተቀበሉት?» ሲል ጠየቀ። አዎን፣ አንድን እስረኛ ለመቀበል ያን ያህል መንገድ ሄደዋል። ብዙዎቹ ፊቱን አይተው የማያውቁ፣ መልእክቱን ብቻ ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ሐዋርያው ባያቸው ጊዜ እግዚአብሔርን አመስግኖ ለምን እንደ ተጽናና በዚያን ቀን ገባን። ልጆቹ ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። ካርታ ለንባብ የሚጨምርለት ይህን ነው። ቃሉን አይለውጠውም፤ በቃሉ ውስጥ ያለውን ድካምና ፍቅር ግን በእግር ያስለካል።

እውነተኛውን ከቅጂው ስለ መለየት

አንዳንድ አንባብያን እንዲህ ያለ ቅጠል ቢያገኙ እውነተኛ መሆኑን በምን እንለያለን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በኦርቴልዩስ ዘመን ካርታ የሚታተመው በመዳብ ላይ ተቀርጾ ነበር። ቀራጩ መስመሩንና ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ በመዳቡ ውስጥ ይቈፍራል፤ በቍፋሮው ውስጥ ቀለም ይሞላል፤ የቀረው ፊት ይጠረጋል፤ ከዚያም ርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በብርቱ መጭመቂያ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ የመዳቡ ጠርዝ በወረቀቱ ዙሪያ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል።

ወረቀቱም ከተልባ እግር ጨርቅ እላቂ የተሠራ ነውና፣ በብርሃን ፊት ሲያነሡት የወንፊቱ ሽቦዎች የተዉት መስመርና አንዳንዴም የወረቀት ሠሪው ምልክት በውስጡ ይታያል። በዘመናችን ማተሚያ የተባዛው ቅጂ ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። አረንጓዴው ቀለም ደግሞ ከመዳብ ዝገት የተሠራ እንደ ሆነ ብዙ ዘመን ሲቆይ ወረቀቱን ይበላዋል፤ በጀርባውም ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

በጀርባው ያለው ጽሑፍም ብዙ ይናገራል። የኦርቴልዩስ አትላስ በሮማይስጥ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለ ታተመ፣ የጀርባው ቋንቋና የገጹ ቍጥር ቅጠሉ ከየትኛው እትም እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ይጠቁማል። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ፣ ቅጠሏን ከመስታወቷ አውጥተን ጀርባዋን ልናይ ለአንድ ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን።

ከበራችን የቆመው እንግዳ

ያ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ በዚያው ሳምንት ኀሙስ ማታ፣ አንድ የማናውቀው ሰው በራችንን አንኳኳ። አሮጌ ነገር የሚወድ መምህር አለ ሲባል ሰምቶ መምጣቱን ነገረን። ከገባም በኋላ ከጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ አንዲት የብራና ቅጠል አወጣ።

የዳዊት ቅጠል ነበረች። ጽሕፈቷ የጥሩ ጸሐፊ እጅ ነው፤ ቀይ ቀለሙም ገና አልደበዘዘም። ያጻፈው ሰው ስም ይገባበት የነበረው ስፍራ ግን በስለት ተፍቆ ነጥቷል። በአንድ ወገን የጥራዙ ክር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ጠርዟም ትኩስ ቍርጥ ነው።

«የኔታ፣ ፈረንጆች በጥሩ ዋጋ ይወስዷታል፤ እኔ ግን ለርስዎ ብዬ ነው» አለን።

«መጽሐፉስ የት አለ?» ብለን ጮኽን። «ይህ ዳዊት የተጸለየበት ነው! ስሙን የፋቅኸው ሰው ነፍሱን እንዲያስብለት ነበር ያጻፈው!»

«እኔ አልቈረጥሁም፤ የቈረጠው ሌላ ነው። እኔ ገዝቼ ነው» አለ።

እኛም ብዙ ገሠጽነው፤ በመጨረሻም ከቤታችን እንዲወጣ አዘዝነው። እርሱም ቅጠሏን መልሶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። በሩን በዘጋን ጊዜ የእውነት ጠበቃ የሆንን መስሎን ነበር። ባለቤታችን ግን ከጓዳ ወጥታ «ከየት እንደ ገዛት እንኳ ሳትጠይቀው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ሰውየውን በማግሥቱ ፈልገን አጣነው። ያቺ ቅጠል ዛሬ የት እንዳለች፣ የቀረው መጽሐፍስ ከየትኛው ቤት ወይም ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣ ልናውቅ የምንችልበት አንድ በር ነበር፤ እርሱንም በቍጣችን ዘጋነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ባልነው ቀጠሮ የጳውሎስን ካርታ ከመስታወቷ አወጣናት። በጀርባዋ በሮማይስጥ የተጻፈ ሐተታና የገጽ ቍጥር አለ። በመካከለኛው እጥፋት ላይም ከጥራዙ ጋር ተያይዛ የነበረችበት የሙጫ ምልክት ይታያል። አንዱ ጠርዟ በስለት የተቈረጠ ነው። ገልብጠን ሳናያት በግድግዳችን ላይ የሰቀልናት ይህች ቅጠል፣ እርሷም ከመጽሐፍ የወጣች ነበረች።

በኀሙስ ማታ በሌላው ላይ የጮኽነው እኛ ነን። እንግዲህ በራሳችን ላይ ማን ይጩኽ?

ምላጭና ገበያ

የካርታ ገበያ የሚያሳዝን ገጹ ይህ ነው። አንድ አሮጌ አትላስ እንዳለ ቢሸጥ አንድ ገዢ ብቻ ያገኛል፤ ቅጠሉ ተበትኖ ቢሸጥ ግን ብዙ ገዢ፣ ብዙም ጊዜ የሚበልጥ ገንዘብ ይገኝበታል። በዚህ ምክንያት መቶዎች ዓመታት የቆዩ ብዙ መጻሕፍት ፈርሰዋል። በእርግጥ እያንዳንዱ ልቅ ቅጠል የጥፋት ፍሬ ነው ማለት አይቻልም። ከመጀመሪያውም ለየብቻ የተሸጡ ካርታዎች ነበሩ፤ እሳትና ውኃ ያጠፋቸው፣ ጥራዛቸው የላላና የተበተነ አትላሶችም አሉ። ሆኖም ገዢው ካልጠየቀ ሻጩ አይናገርም።

ከማፍረስም የከፋ ስርቆት አለ። በ2005 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይ ወድቃ የተገኘች አንዲት ምላጭ፣ በብርቅ ካርታ ንግድ የታወቀን ሰው አስያዘች፤ ሰውየውም ከተለያዩ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎች መስረቁን በኋላ አመነ። በ2007 ደግሞ በማድሪድ ከስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1482 በኡልም ከታተመው ከበጥሊሞስ መጽሐፍ ሁለት የዓለም ካርታዎች ተቈርጠው መሰረቃቸው ታወቀ። ዋና ኃላፊዋ ከሥራቸው ለቀቁ። ከቅጠሎቹ አንዱ እስከ አውስትራልያ ድረስ ተሻግሮ ከተገኘ በኋላ ተመለሰ። ሌባው የተማረ አንባቢ መስሎ ነበር የገባው። ቅጠሎቹን የሚገዛ ባይኖር ግን ምላጩን ይዞ ባልገባ ነበር።

በአገራችንም ያለው ነገር ከዚህ አይለይም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ነገር ግን ከብራና መጻሕፍታችን እየተቈረጡ ለጌጥ የተሸጡት ቅጠሎች ብዙ ናቸው። አንድ ዳዊት ከመቶ በላይ ቅጠል አለው። የመጀመሪያይቱን ቅጠል የሚገዛ ሰው፣ መጽሐፉን አድናለሁ ብሎ ቢያስብም፣ ሁለተኛይቱ እንድትቈረጥ ዋጋ ከፍሏል።

ሰብሳቢ ሊጠብቀው የሚገባ

እንግዲህ አሮጌ ካርታ መሰብሰብ ኀጢአት ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ከእነዚህ ቅጠሎች ስንቱ ለዕቃ መጠቅለያ ይሆን ነበር። ያ ዳንቪል ራሱ ታላቅ ሰብሳቢ ነበር፤ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ካርታዎች ያሉበት ስብስቡ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ተላልፎ እስከ ዛሬ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል። ልዩነቱ በሰብሳቢው አሳብ ነው። አንዱ የእኔ ይሁን ብሎ ይሰበስባል፤ ሌላው እንዳይጠፋ ብሎ ይሰበስባል።

ስለዚህ ከገንዘባችሁም ሆነ ከወዳጅ ስጦታ እንዲህ ያለ ነገር በእጃችሁ ቢገባ፣ አስቀድማችሁ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም ጻፉ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን፣ ወይም ማኅተሙ የተፋቀ የሚመስለውን ቅጠል አትንኩ። ሙሉ መጽሐፍ በእጃችሁ ቢኖር ከቶ አትበትኑት። ቅጠሉን ከፀሐይና ከጢስ፣ ከርጥበትና ከሙጫ ጠብቁት። እኛ እንዳደረግነው በመስኮት ትይዩ አትስቀሉት፤ ከአምስት ወር በኋላ ባወጣናት ጊዜ የባሕሩ ቀለም ከጠርዙ ይልቅ ፈዝዞ አግኝተነዋል። ለልጆች ማስተማሪያ ከሆነ ግን እውነተኛውን መግዛት የግድ አይደለም፤ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የእነዚህን ካርታዎች ፎቶግራፍ በነጻ እንዲታይ አድርገዋልና፣ ጥሩ ቅጂ በቂ ነው። ለመንፈሳዊ ትምህርት ከሆነ ደግሞ ቅጂው ከእውነተኛው የሚያንሰው አንዳች ነገር የለም።

የብራና ቅጠል ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥማችሁ እንደ እኛ አትቈጡ። በትዕግሥት አስቀምጡት፤ ከየት እንዳገኘው፣ የቀረው መጽሐፍ የት እንዳለ ጠይቁት፤ ከዚያም ለአጥቢያችሁ አስተዳዳሪ ወይም ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ቍጣ ለተቈጣው ሰው ዕረፍት ይሰጠዋል እንጂ የጠፋውን መጽሐፍ አይመልስም።

ስለ ራሳችን ቅጠል የሆነውን ነግረን እንፈጽም። ለተማሪያችን አመስግነን ጻፍንለት፤ ከየት እንደ ተገዛች እንዲጠይቅልንም ለመንነው። እርሱም ወደ ሱቁ ተመልሶ ጠየቀ፤ ሻጩ ከአንድ አሮጌ ስብስብ የመጣች ናት ከማለት በቀር የሚጨምረው ቃል አልነበረውም። ልጁ በዚህ አዝኖ «መምህሬ፣ ጌጥ የላክሁልዎ መስሎኝ ዕዳ ላክሁብዎ» ብሎ ጻፈልን። እኛም፣ ዕዳ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልንሸከመው የሚገባን ዕዳ ነው ስንል መለስንለት።

ዛሬ ቅጠሏ በግድግዳ ላይ የለችም። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልላ፣ በጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣለች። ከእርሷም ጋር ርዝመቷንና ስፋቷን፣ የጀርባዋን የገጽ ቍጥር፣ ማን እንደ ላካትና ሻጩ ምን እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ አኑረናል። በዚያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ የተቈረጠችበት መጽሐፍ የታወቀ እንደ ሆነ ቅጠሏ እንድትመለስለት ተናዘናል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቅጂዋ ነው። ልጆቹም ከሮሜ እስከ ሦስት ማደሪያ ያለውን መንገድ በእርሱ ላይ በክር ይለካሉ።

ያን የዳዊት ቅጠል ይዞ የመጣው ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነበው፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ቢያነበው፣ በራችን ክፍት መሆኑን እንዲያውቅልን እንለምናለን። በዚህ ጊዜ ተቀምጠን እንጠይቀዋለን።

የሐዋርያው በረከት በሁላችንም ላይ ይደር፤ አሜን።